በቃሬዛ የወጣው እንግዳ

ሰውዬውን ከቤታችን መጀመሪያ የወደድኩት እኔ ነኝ። ሆሳዕና ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አገራችን ሰፊ ናት፣ የምትገኘው በሐሩር ክልል ነው፣ ብርዱን የሰጣት ከፍታዋ ነው እያልኩ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ እንጂ ራሴ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ወዲያ አልሄድኩም። እሱ ግን ዳር እስከ ዳር ዞሯታል። ከአፋር የጨው ሜዳ እስከ ኦሞ፣ ከጋምቤላ ረግረግ እስከ ባሌ ጫካ ድረስ ካሜራውን አንግቶ እየሄደ ይቀርጻል። እራት ከበላን በኋላ እኔና እናቴ ሶፋው ላይ ተጠጋግተን በስልኬ እናየው ነበር።

በየቪዲዮው መጨረሻ ለተጓዥ ምክር ይሰጣል። ያልተፈላ ውሃ አትጠጡ። ቆላ ስትወርዱ አጎበር ያዙ። ዝናብ ከጣለ ወንዝ አትሻገሩ። የአገሩን ሰው ሳትጠይቁ የትም አትግቡ። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር፣ "ይሄ ልጅ ያሳደገው ሰው አለው" ትላለች።

ታናሽ ወንድሜ አስጎብኚ ነበር። አባታችን ሀዲያ፣ እናታችን ከምባታ ስለሆነች ሁለቱንም ቋንቋ ከቤት ነው የለመድነው፤ እሱ ያንን ሥራ አደረገው። እንግዳ በሞተር ሳይክሉ እያፈናጠጠ አምበሪቾ ተራራ ያወጣል፣ ከዱራሜ ወረድ ብሎ እናታችን ዘመዶች ያሏት መንደር አጠገብ ወዳለው ፏፏቴም ይወስዳል። ከአስጎብኚዎች ማህበር የተሰጠውን ባጅ ታጥቦ በተተኮሰ ሸሚዝ ላይ ያንጠለጥለው ነበር። ሰው አክባሪ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንኳ አይናገርም።

አንድ ቀን ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። ያ ሰውዬ ጽፎለታል። ለሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ለያሆዴ፣ ሆሳዕና መጥቶ በዓሉን መቅረጽ፣ ከዚያ ወደ ከምባታ መውረድ ይፈልጋል። እናቴ የሰማች ዕለት የመጋረጃውን ጨርቅ ሁሉ አወረደችና አጠበች።

መጣ። በስክሪን ከማየው ቀጠን ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። እናቴ የበዓሉን የቡላ ምግብ፣ አተካናን፣ ሠርታ በቅቤ አንበሽብሻ ስታቀርብለት እየቀረጸ በላ፣ ካሜራውን አጥፍቶም ደግሞ በላ። "እማማ፣ እኔ ከዚህ ቤት አልሄድም" አላት። የወንድሜን አልጋ ለቀቅንለት። በበዓሉ ማግስት ትምህርት ገና ስላልተጀመረ እኔም አብሬያቸው ወደ ፏፏቴው ወረድኩ።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ወንዙ ሞልቶ የደፈረሰ ቡና መስሏል፤ ከገደሉ ሲወርድ ደረታችን ውስጥ ድረስ ይሰማናል። ወንድሜ ከላይ፣ ሁሉም ጎብኚ የሚቆምበት ሰፊ ድንጋይ ላይ አቆመን።

"ከዚህ ወዲያ አንሄድም" አለው። "ታች ያለው ድንጋይ ያሟልጫል።"

"ከዚህ ሆኜ ምን አነሳለሁ?"

"ፏፏቴውን።"

"ከዚህ ሁሉም ሰው አንስቶታል። እኔ የምፈልገው ከሥሩ ነው።"

"አሁን ሥር የሚባል የለውም። ውሃው ሲጎድል፣ በታኅሣሥ ና፣ እኔ ራሴ እጅህን ይዤ አወርድሃለሁ።"

ሰውዬው ሳቀና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ብራዘር፣ እኔ ዳሎልን የረገጥኩ ሰው ነኝ" አለና ወረደ። ወንድሜ ስሙን እየጠራ ተከተለው። እኔ ከላይ ቀረሁ፤ ስለዚህ ሁሉንም አይቻለሁ።

እግሩ ሲከዳው አየሁ። በጀርባው ተንሸራቶ ሄደና ፏፏቴው ከሥሩ ከቆፈረው ገንዳ ጠርዝ ላይ፣ ከአንድ ቁጥቋጦ ጋር ተያዘ። ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ነው። የካሜራው ማንገቻ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ካሜራውን ውሃው ወደ ታች እየጎተተው፣ ፊቱ ሲጠቁር ይታየኛል። ወንድሜ በሆዱ ተኝቶ በአንድ እጁ የሰውዬውን ቀበቶ ያዘ፤ በሌላው ማንገቻውን ከአንገቱ አወለቀ። ካሜራው ሄደ። ሰውዬው ተነፈሰ።

ጮህኩ። የጮህኩት በከምባትኛ ነው፤ በእናቴ አገር በእናቴ ቋንቋ መጮህ እንዳለብኝ አፌ ከእኔ ቀድሞ አወቀ። ከእንሰት ማሳ ውስጥ ሰዎች ብቅ አሉ። ከፊታቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የእናቴ የሩቅ ዘመድ ናቸው። ወርደው ሁለቱንም አወጧቸው። የሰውዬው ቁርጭምጭሚት ተሰብሯል። ከመንደሩ ቃሬዛ አስመጡ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በእንሰት ቃጫ የተጠላለፈበት፣ ወላድም በሽተኛም የሚወጣበት ቃሬዛ። ያን ዳገት በጭቃ፣ ትከሻ እየተቀያየሩ፣ መኪና መንገድ ድረስ ተሸከሙት። ሰውዬው እያለቀሰ የሽማግሌውን እጅ ይዞ አለቀቀም። "አባቴ ነዎት፣ አባቴ ነዎት" ይላል። ሽማግሌው አማርኛ አይሰሙም፤ ግን ጭንቅላቱን ይዳብሱታል።

የወንድሜ ትከሻ መውለቁን ያወቅነው ጤና ጣቢያ ደርሰን፣ ሰውዬው ጀሶ ከታሰረለት በኋላ ነው። ወጌሻ መለሰለት። ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከራሱ በላይ አይነሳም።

ሰውዬው እኛ ቤት አገገመ። እናቴ እግሩን አጠበችው። አልጋ ላይ ሾርባ አጎረሰችው። የሄደ ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው፤ ቆጮና ቅቤ በፌስታል ቋጥራ ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። "ወንድሜ ነህ" ብሎ ወንድሜን አቀፈው፤ የታመመውን ትከሻ።

ቪዲዮው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወጣ። ርዕሱ ከሞት እንዳመለጠ የሚናገር ነው። እናቴ እንደ ልማዷ ሶፋው ላይ ተጠጋችኝ። ሰውዬው ጀሶውን ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። አስጎብኚው ሰው ወደሌለበት ገደል እንደወሰደው፣ ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር እንደተመሳጠረ፣ ገፍተው እንደጣሉት ተናገረ። "ከዚያ ካሜራዬን ከአንገቴ ላይ አወለቀው" አለ። ይሄኛው ቃል እውነት ነበር። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ሕይወቱን ያተረፈችለትን አንዲት ደቂቃ አንስቶ የሌባ አደረጋት። የወንድሜን ፎቶ ከነባጁ አወጣው። መጨረሻ ላይ እንደ ሁልጊዜው ምክር ሰጠ። ወደዚያ አካባቢ ከሄዳችሁ ማንንም አትመኑ። ቤታቸው አትደሩ። የሚሰጧችሁን አትብሉ።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ በፊቱ ደፋችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ቶሎ ነው። ቀድመው ቀን የያዙለት ጎብኚዎች ቀሩ። ማህበሩ ነገሩ እስኪጣራ ብሎ ባጁን ተቀበለው፤ የሚያጣራ ሰው ግን አልነበረም። እኔ ያየሁትን ስናገር "እህቱ ናት" ይሉኛል። ቪዲዮው ሥር ጻፍኩ፤ "የሌባ ቤተሰብ" የሚል መልስ ተደረደረልኝ። ሆሳዕና መሃል ከተማ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ የማያውቀው ሰው ወንድሜን "ካሜራው ስንት ወጣልህ?" ብሎ ጠየቀው። ሊያገባት ሽማግሌ የላከባት ልጅ ቤተሰቦች ትንሽ እንቆይ አሉ። እናቴ ገበያ መውጣት ተወች፤ ሰው ቤት ለቅሶ ስትደርስ እንኳ በጓሮ ዞራ ነው።

አንድ ጠዋት ወንድሜ አልጋውን አንጥፎ፣ ሞተሩን ሸጦ ሄደ። የኛ አገር ልጅ ሲሄድ ወዴት እንደሚሄድ አይጠየቅም። በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን እያቋረጠ ደቡብ አፍሪካ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ካርታውን ተማሪዎቼ ፊት ሰቅዬ ያንን መስመር በጠቋሚ እንጨት ስነካው ድምፄ ይሰበር ነበር። በደህና ደረሰ ተብሎ እስኪደወል ድረስ እናቴ ስልኩን እጇ ላይ ይዛ ነው የተኛችው።

እኔ ያኔ ሰውዬውን መጥላት በሥርዓት ጀመርኩ። አንድም ቪዲዮ አላመለጠኝም። ጀሶው ወጣለት። መራመድ ጀመረ። አዲስ ካሜራ ያዘ። ገደል አጠገብ ሲቆም "አንድ እርምጃ ብቻ" እላለሁ። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄድ ጸለይኩ፤ የጸለይኩት ለጉማሬዎቹ ነው። ተማሪ ፈተና እየተፈተነ እኔ በመስኮት እያየሁ የምናገረውን ቃል አሰናዳለሁ፤ እቤት ስገባ እቀይረዋለሁ። ባልደረቦቼ ከስተሻል ይሉኛል። አልታመምኩም፤ እየጠበቅኩ ነበር።

ማስታወቂያውን ያየሁት ፌስቡክ ላይ ነው። ዱራሜ ለአስጎብኚዎችና ለሆቴል ሠራተኞች የጎብኚ ደህንነት ሥልጠና ሊሰጥ ነው። አሠልጣኙ እሱ። የአካባቢውን ስም ያጠፋው ሰው፣ ስሙን መልሶ እንዲያድስ በክብር ተጋብዟል። ፎቶው ሳቅ ብሎ ያየኛል። ስልኩን አስቀምጬ ፊቴን ታጠብኩ። ደስታ ነበር የተሰማኝ፣ ለሠርግ የተጠራሁ ዓይነት።

ከሥልጠናው አንድ ቀን ቀድሜ ወደ እናቴ መንደር ሄድኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገና ሳልቀመጥ፣ "ያ ልጅ ዳነ ወይ?" አሉኝ። ስማርት ስልክ የላቸውም፤ ያለውን አልሰሙም። ነገርኳቸው። ቪዲዮውንም ከፍቼ በከምባትኛ እየተረጎምኩ አሳየኋቸው። ያን ቀን የተሸከሙት ሰዎች አንድ በአንድ መጥተው ከኋላቸው ቆሙ።

"ሌባው ማን ነው ይላል?" አሉኝ ሽማግሌው።

"ወንድሜና እናንተ።"

ከተቀመጡበት ተነሡ። "እንሂድና እንጠይቀው" አሉ።

"ቃሬዛውንም ይዘን እንሂድ" አልኩ። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

በማግስቱ አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሰዎቹን በረንዳ ላይ አስቀምጬ ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰውዬው በደንብ ለብሷል። እንግዳ እንደ ልጅ ነው፣ ተንከባከቡት፣ አደገኛ ቦታ ሲሄድ ዝም አትበሉት እያለ ያስተምራል። የወንድሜ የሥራ ጓደኞች አንገታቸውን አቀርቅረው ይጽፋሉ። ጥያቄ ካለ ተባለ። ተነሳሁ።

አወቀኝ። "ቲቸር!" አለ ማይኩ ላይ፤ ፊቱ ግን ወዲያው ተለወጠ።

"እኔ ጥያቄ የለኝም" አልኩ። "ጥያቄ ያላቸው ሰዎች ደጅ ቆመዋል። አማርኛ ስለማይችሉ እኔ አስተረጉምላቸዋለሁ።"

መድረክ መሪው፣ "እህቴ፣ ፕሮግራም አለን" አለ። ከአስጎብኚዎቹ አንዱ ግን ብድግ ብሎ በሩን ከፈተው።

ገቡ። ቡትስ ጫማቸው ላይ የመንገዱ ጭቃ አለ። ቃሬዛውን ከመድረኩ ሥር ቀስ አድርገው አስቀመጡት፣ ሰው እንዳለበት ነገር። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁና የሰውዬውን እግር አዩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የሚሉትን አንድ ቃል ሳልጨምር ወደ አማርኛ መለስኩ።

"እግርህ ዳነ ወይ?"

"ዳነ፣ አባቴ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"ያን ቀን ዳገቱን ያወጣህ ማነው?"

"እናንተ ናችሁ።"

"ገፍቶ የጣለህስ?"

ማይኩን ከአፉ አራቀ።

"ያልከው በማልሰማው ቋንቋ ስለሆነ እኔ በራሴ አልገባኝም" አሉ ሽማግሌው። "የነገረችኝ ይህች ልጅ ናት። ወንድሟ ስለሆነ ልትዋሽ ትችላለች። ስለዚህ አንተኑ ልጠይቅህ መጣሁ። ያን ቀን የነበርነው በሙሉ እዚህ አለን። የገፋህን በጣትህ አሳየኝ። አሁኑኑ ይዘነው ሕግ ፊት እንሄዳለን።"

ሰዎቹ ተርታ ገጥመው ቆሙለት። አንዱ እንዲያውም በደንብ እንዲታይ ከጓደኛው ጀርባ ወጣ አለ። ሰውዬው ከአንዱ ወደ አንዱ አየ። በከንፈሩ አንድ ነገር አለ።

"አልሰማንም" አሉ ከኋላ።

"ማይኩን ወደ አፍህ ጠጋ አድርገው" አልኩት።

"ማንም አልገፋኝም። አዳልጦኝ ነው።"

ከዚህ በኋላ ማስተርጎሙን ተውኩ። "ካሜራውስ የት ነው?"

"ውሃ ውስጥ።"

"ወንድሜ ከአንገትህ ለምን አወለቀው?"

"እያነቀኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን እንደዚያ አልክ?"

"ካሜራው የስፖንሰሮቼ ነበር። አትሂድ ተብዬ ሄጄ ጣልኩት ማለት አልቻልኩም።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ይቅርታ አድርጉልኝ። ወንድምሽንም፣ እናትሽንም፣ ሁላችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

የተናገረውን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። "በቃ። ካመነ በቃ" አሉ። ሰዎቹ ቃሬዛውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

ለእኔ ግን አልበቃኝም። እናቴ በጓሮ ዞራ ለቅሶ ስትገባ ነው የታየችኝ። "አታንሱት" አልኳቸው። ወደ ሰውዬው ዞሬ፣ "ውረድና ተኛበት" አልኩት።

"ምን?"

"ቃሬዛው ላይ ተኛ። ያን ቀን እንዴት እንደወጣህ ለሠልጣኞችህ አሳያቸው።"

ሽማግሌው "ምን አልሽው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። አተኩረው አዩኝ። "ይህን እኔ አላልኩም" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሰውዬው ከመድረኩ ወረደ። መተኛቱን አልተኛም፤ ቃሬዛው ጠርዝ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ስልኮች ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው ይቀርጹታል። አንድ ሰው ተነስ እስኪለው ድረስ ቆሜ አየሁት። ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም።

አዳራሹ ውስጥ የተቀረጸው ቪዲዮ በዚያው ሳምንት አገሩን አዳረሰ። ሰውዬው የድሮውን አጥፍቶ የይቅርታ ቪዲዮ ሠራ። ከሥሩ የተጻፈለትን ስድብ እኔ ሻይ አፍልቼ፣ ወንበር ስቤ፣ ጊዜ ወስጄ አነበብኩት። በኛ ላይ የወረደው ስድብ ራሱ ነው፤ አንዳንዱን የጻፉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ማህበሩ ደወለ። የወንድሜ ባጅ ተመልሷል፣ ውሰዱለት አሉ። መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ወንድሜ አሁን ደቡብ አፍሪካ፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ውስጥ፣ በፍርግርግ ብረት የታጠረ ሱቅ ውስጥ ነው የሚውለው። ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ የሚያወርድለት ሰው ይፈልጋል። ቪዲዮውን ልኬለት ወዲያው ደወለ።

"ቃሬዛው ላይ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

ሳቀ። ከሄደ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። "እስኪ ትርፍ የተቀረጸ ካለ ላኪልኝ" አለኝ። ትመጣለህ ወይ ስለው ግን ሳቁ ቆመ። ወረቀት የለውም፤ የመጣበትን መንገድም ሁለተኛ አያየውም።

ሰውዬውም አንድ ቀን ደወለልኝ። ዕረፍት ሰዓት ላይ፣ መምህራን ክፍል ነበርኩ።

"ቲቸር፣ እባክሽ ያንን ቪዲዮ እንዲያወርዱት ንገሪልኝ። የትም መሄድ አልቻልኩም። እናቴ ከቤት አትወጣም።"

"የእኔም አልወጣችም ነበር።"

"ይቅርታ ጠይቄያለሁ እኮ።"

"ሰምቻለሁ" አልኩና ዘጋሁት። የዚያን ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

እናቴ አሁን ገበያ ትወጣለች። በፊት ለፊት በር ለቅሶ ትገባለች። ይህን ያመጣሁት እኔ መሆኔን ታውቃለች፤ ግን አትወደውም። "የሰው ልጅ ነው፣ ማሪው" ትለኛለች። ሽማግሌውም በሰው ልከውብኛል፤ ቃሬዛው ዳግም ለእንደዚያ ነገር እንዳይወጣ ብለዋል።

እሑድ እሑድ እናቴን ይዤ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። የጌታን ጸሎት ቆመን ከሕዝቡ ጋር እንላለን። የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ጋ ስንደርስ አፌን እዘጋለሁ። እናቴ ጎን ለጎን ስለምትቆም ታውቃለች፤ በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች። እኔ ወደ ፊት እያየሁ ሐረጉ እስኪያልፍ እጠብቅና ከሚቀጥለው እቀጥላለሁ።